ከመርጡለ ማርያም እስከ ሰባራ ድልድይ፤ የዓባይ ሸለቆ ለታሪክ ተማሪ ምን ያስተምራል?

የዓባይ ሸለቆ ጎጃምን ከወሎና ከበጌምድር የሚለይ ወሰን እንደ ሆነ ከልጅነታችን ጀምሮ ተምረናል። በካርታ ላይ ሲታይም ነገሩ ይህንኑ ይመስላል፤ ወንዙ ከጣና ወጥቶ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርድና ጎጃምን እንደ ቀለበት ዞሮ ወደ ምዕራብ ይታጠፋል። ሆኖም ካርታ የውሃውን መንገድ እንጂ የሰውን መንገድ አያሳይም። በዚህ ጽሑፍ የምናቀርበው በምሥራቅ ጎጃም በብቸናና በሞጣ አካባቢ ያለውን አገር፣ የአገሬውን ሰው መሪ አድርገን በእግር ስንጐበኝ ያየነውንና በመጻሕፍት ካነበብነው ጋር ያስተያየነውን ነው። ሐሳባችንም በአጭሩ ይህ ነው፤ ሸለቆው ሰውን የለየውን ያህል አገናኝቶታል። ይህንንም ለማወቅ በገደሉ አፋፍ ላይ ቆሞ ማየት ስለማይበቃ፣ መውረድ ያስፈልጋል።

በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በኤሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ መሆናቸውን አንባቢ እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

፩ ስለ አገሩ አቀማመጥ

የዚህ አገር ውሃ ሁሉ ራሱ የጮቄ ተራራ ነው። ጮቄ ከባሕር ወለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ስላለው፣ ሙጋና ሱሃን የመሳሰሉ ወንዞች ከእርሱ ተነሥተው የብቸናንና የአካባቢውን ደጋ እየሰነጠቁ ወደ ዓባይ ይወርዳሉ። የላይኛው መሬት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ከምድር ውስጥ ፈልቶ የፈሰሰ ጥቁር የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ነው። ወንዙ ይህን እየበላ በጠለቀበት ስፍራ፣ ለምሳሌ በደጀን በኩል፣ ከሥሩ ያለው የኖራ ድንጋይና ከእርሱም በታች ያለው አሸዋማ ድንጋይ በግልጥ ይታያል። ሸለቆው በአንዳንድ ቦታ እስከ 1500 ሜትር ይጠልቃል። ስለዚህ በአንድ ቀን ጕዞ ከጤፍና ከስንዴ እርሻ ተነሥቶ ወደ ማሽላ አገር፣ ከጥድና ከወይራ ጥላ ወጥቶ ወደ ግራርና ወደ ቍልቋል ቈላ መግባት ይቻላል።

ይህ የአየር ልዩነት ለታሪክ ተማሪ ትርፍ ነገር አይደለም። ደገኛው ጥጥ ይፈልጋል፤ ቈለኛው የደጋ እህል ይፈልጋል። በወንዙ ማዶ ያለውም እንዲሁ ነው። ገበያ የሚወለደው አንዱ ያለው ነገር ሌላው በሌለበት ቦታ ስለ ሆነ፣ ሸለቆው ራሱ የንግድ ምክንያት ሆኖ ኖሯል ማለት ነው። የእንግሊዙ መንገደኛ ቻርልስ ቢክ ከ1841 እስከ 1843 በጎጃም ተቀምጦ ስለ ገበያዎቹ ሲጽፍ፣ በደቡብ በኩል ባሶ ላይ ከዓባይ ማዶ የሚመጣው ነጋዴ ምን ያህል ብዙ እንደ ነበረ አስረድቷል።

፪ ስለ መርጡለ ማርያም

መርጡለ ማርያም በእነብሴ ሳር ምድር ከዓባይ አፋፍ ብዙ ሳይርቅ የሚገኝ የታወቀ ደብር ነው። መርጡል በግእዝ አዳራሽ ወይም ድንኳን ማለት ስለ ሆነ ስሙ የማርያም አዳራሽ ይሆናል። የደብሩ ትውፊት ቤተ ክርስቲያኑን በአራተኛው መቶ ዓመት የሠሩት አብርሃና አጽብሓ እንደ ሆኑ፣ ከዚያም በፊት በስፍራው መሥዋዕተ ኦሪት ይሠዋ እንደ ነበር ይናገራል። እንደዚሁ ያለ ትውፊት ያላቸው ሌሎች ቦታዎች አክሱም፣ ጣና ቂርቆስና ተድባበ ማርያም ናቸው። አንባቢ ይህን የመጨረሻውን ስም ልብ ይበል፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

በጽሑፍ ማስረጃ ጸንቶ የሚገኘው ታሪክ የእቴጌ እሌኒ ነው። እሌኒ ከሐዲያ የተወለደች፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ቤተ መንግሥት ከፍ ያለች፣ ልብነ ድንግል ሕፃን በነበረበት ጊዜም ስለ እርሱ መንግሥቱን የመራች ብልህ ሴት ነበረች። ማቴዎስ የተባለውን አርመናዊ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ የላከችው እርሷ ናት። ከመልእክቱ የተነሣ በ1520 ከመጡት ፖርቱጋሎች ጋር የነበረው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ፣ እቴጌይቱ በጎጃም ስላሠራችው ታላቅ ቤተ ክርስቲያን ጽፏል። በዚያ የነበረው መንበር በወርቅ የተሞላ እንጨት፣ ጽላቱም ጥሩ ወርቅ እንደ ነበረ፣ የመንበሩንም አሠራር ከብዙ ዓመት በፊት ወደ አገራችን የመጣው ፔሮ ዳ ኮቪልያ እንዳመለከተ ይተርካል። ጽላቱን የባረኩት አቡነ ማርቆስ ናቸው። ይሁን እንጂ አልቫሬዝ ራሱ ወደ ጎጃም አልተሻገረም፤ የጻፈው የሰማውን ነው። ስለዚህ በታሪክ ክፍል ውስጥ የዐይን ምስክር እያልን የምንጠቅሰው ሰው፣ በዚህ ነገር ላይ እንደ ባላገሩ ሽማግሌ የቃል ወሬ ተቀባይ መሆኑን መዘንጋት አይገባም።

ከ1529 እስከ 1543 በተደረገው የግራኝ አሕመድ ጦርነት ዘመን ብዙ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘረፉና ሲቃጠሉ ይህም ደብር ጥፋቱ አልቀረለትም። በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ብሩኖ ብሩኒ የተባለ የኢየሱሳውያን ቄስ በፍርስራሹ ላይ አዲስ ሥራ ጀመረ። ነገር ግን በ1632 ፋሲለደስ ሲነግሡ የቀደመው ሃይማኖት ተመለሰ፤ ኢየሱሳውያንም ከአገር ወጡ። ቢክ የዚህን ፍርስራሽ መግለጫ በ1847 በሎንዶን አሳትሟል። ዛሬ በአገልግሎት ላይ ካለው ቤተ ክርስቲያን አጠገብ የቆመውን ግንብ ስናይ፣ በድንጋዩ ላይ የተፈለፈለው አበባና ሐረግ በጣም ያስደንቃል። የትኛው ድንጋይ የእሌኒ፣ የትኛው የብሩኒ እንደ ሆነ መለየት የመሐንዲስና የአርኬዎሎጂ ሊቅ ሥራ ስለ ሆነ እኛ አንደፍርበትም። ይሁንና አንድ ነገር ግልጥ ነው። አንዲት የሐዲያ ልጅ፣ አንድ ፖርቱጋላዊ፣ አንድ ግብፃዊ ጳጳስና አንድ ኢጣልያዊ ቄስ፣ ሁሉም በተለያየ ዘመን፣ «በዓባይ የተዘጋ» በሚባለው አገር ውስጥ በአንድ ሕንፃ ላይ አሳባቸውን አሳርፈዋል።

፫ ስለ ማዶው

ከደብሩ ወጥተን ወደ ገደሉ አፋፍ በደረስን ጊዜ መሪያችን ተቀምጠን እንድንመለከት ነገረን። እርሱ ዕድሜው የገፋ ገበሬ ነው፤ «ልጆቼ» ይለናል፤ እኛም «አባባ» እንለዋለን። ከፊታችን የወሎ ተራሮች በሰማያዊ ጉም ተሸፍነው ይታያሉ። ከመካከላችን አንዱ በማስታወሻ ደብተሩ «የጎጃም ወሰን» ብሎ ሲጽፍ አይቶ ምን እንደ ጻፈ ጠየቀው። በተነበበለትም ጊዜ ሣቅ ብሎ፣ «ወሰንስ ወሰን ነው፤ ግን የእናቴ ዘመዶች በዚያ ማዶ ናቸው» አለ።

ይህን ቃል በሰማን ጊዜ ተድባበ ማርያም ትዝ አለችን። ተድባበ ማርያም በወሎ በአማራ ሳይንት ናት። ከመርጡለ ማርያም የሚለያት ዓባይ ነው። ሁለቱ ደብሮች የማርያም ናቸው፤ ሁለቱም የመሥዋዕተ ኦሪት ቦታ ነበርን ይላሉ። የትውፊቱን ዘመን ታሪክ ጸሓፊ በቀላሉ አይቀበለው ይሆናል። ሆኖም ያው አንድ ነገር በወንዙ ግራና ቀኝ መነገሩ ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው፤ ተማሪው፣ ደብተራውና ተሳላሚው ገደሉን እየወረደ ይወጣ እንደ ነበር ያስረዳልና። ደብረ ወርቅና ዲማ ጊዮርጊስ በዚሁ አገር ያሉ የታወቁ የትምህርት ቦታዎች ስለ ሆኑ፣ አኵፋዳውን አንግቦ ትምህርት ፍለጋ የሚሻገር ልጅ በዚህ መንገድ አይጠፋም ነበር።

ወንዙ በክረምት ሲሞላ መሻገር አስጊ ነው። በበጋ ግን መልካው ይታወቃል። ዋናተኞች ስልቻ ነፍተው ሰውና ዕቃ ያሻግሩ ነበር። የትኛው መልካ በየትኛው ወር እንደሚከፈት፣ አዞ የሚፈራበት ባሕር የቱ እንደ ሆነ፣ የትኛው ዛፍ ሥር ውሃ እንደሚገኝ የሚያውቀው መሪው ነው። ይህ እውቀት በማናቸውም መዝገብ ተጽፎ አላገኘነውም።

፬ ስለ ሰባራ ድልድይ

ከመርጡለ ማርያም ወደ ሞጣ በመኪና ሄደን፣ ከሞጣ ደግሞ በማለዳ በእግር ወደ ሰሜን ወረድን። በዚህ በኩል ወንዙ ጎጃምን ከበጌምድር ይለያል። ዝንጀሮ በገደሉ ላይ ይጮሃል፤ መንገዱ ጠጠር የበዛበት ስለ ሆነ በትር ያልያዘ ሰው ይቸገራል። ከታች ሲደርሱ ዓባይ በጠባብ የጥቁር ድንጋይ አፍ ውስጥ ሲያልፍ፣ በላዩም የግንብ ድልድይ ቅሬታ ይታያል።

ሕዝቡ ይህን ድልድይ ሰባራ ድልድይ ይለዋል። በመጻሕፍት ብዙ ጊዜ «የፖርቱጋል ድልድይ» ተብሎ ይጠራል። ሥራው ግን ኢየሱሳውያንን ያስወጡት የዐፄ ፋሲለደስ ዘመን ሥራ ነው ተብሎ ይነገራል። ከእርሱ በፊት በሱስንዮስ ዘመን በዓላታ፣ ከጢስ ዓባይ አጠገብ፣ የመጀመሪያው የግንብ ድልድይ ተሠርቷል። በዚያው ዘመን ኖራን አቃጥሎ መገንባት ተለመደ። እንግዲህ ትምህርቱ በከፊል ከባሕር ማዶ የመጣ ቢሆን እንኳ፣ ድንጋዩን ጠርቦ ኖራውን አቡክቶ ያቆመው የአገሩ ግንበኛ ነው። በመርጡለ ማርያም ግንቡ ለጸሎት ቆመ፤ በዓባይ ላይ ለእግረኛ ቆመ። ሙያው ከደብሩ ወደ ወንዙ ወረደ ብንል ብዙ የምንስት አይመስለንም።

ድልድዩ የተሰበረው በኢጣልያ ወረራ ዘመን፣ ከ1936 እስከ 1941 ባለው ጊዜ፣ የጠላት ጦር እንዳይሻገር አርበኞች ስላፈረሱት እንደ ሆነ ይተረካል። የብቸናና የሞጣ አገር እነ በላይ ዘለቀ የተዋጉበት፣ የዓባይም በረሃ ለአርበኛ መሸሸጊያ የሆነበት ስለ ነበረ ነገሩ የሚያስደንቅ አይደለም። ጠላት ከወጣ በኋላ ግን ቅስቱ ሳይጠገን ከ60 ዓመት በላይ ቆየ። ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ በወዲያና በወዲህ የቆሙ ጕልማሶች እየጎተቱት ነበር። በሽተኛውም፣ ነጋዴውም፣ ሙሽራዪቱም ከውሃው በላይ ተንጠልጥለው ያልፉ ነበር።

ይህን የሚያሳይ ፎቶግራፍ በአንድ የአሜሪካ መጽሔት ላይ ወጣ። ያየውም ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ የሕንፃ ሥራ ተቋራጭ፣ ብሪጅስ ቱ ፕሮስፐሪቲ የተባለውን ድርጅት መሠረተ፤ በ2002ም ስብራቱ በብረት ተጠገነ። የ2005 ጎርፍ ግን ጥገናውን ወሰደው። በ2009 ከፍ ያለ ተንጠልጣይ ድልድይ ለእግረኛ በአጠገቡ ተሠራ።

በዚህ ስፍራ ተቀምጠን ስንበላ መሪያችን የነገረንን እንጽፋለን። አያቱ ድልድዩ ሳይሰበር ሚስታቸውን ከማዶ በበቅሎ አምጥተዋል። አባቱ በገመድ ተሻግሯል። እርሱ በብረቱም በተንጠልጣዩም ተሻግሯል። በመጽሐፍ ሦስት መቶ ሃምሳ ዓመት ያህል የሆነው ታሪክ በአንድ ቤት ውስጥ በሦስት ትውልድ ተጠቅልሎ ይገኛል።

፭ ማጠቃለያ

ሰባራውን ድልድይ ፎቶግራፍ ማንሣት ያስደስታል፤ ፍርስራሽ ለዐይን ያምራልና። ይሁን እንጂ ጐብኚን ያስደሰተው ያ ክፍተት በገመድ የሚሻገረውን ሰው ያስፈራው ነበር። ቅርስን ስንመረምር የሠሪውን ብቻ ሳይሆን የተገልጋዩንም ታሪክ መጠየቅ ይገባናል። ስለ እሌኒ ወርቅ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ስለ ገመዱ ጎታቾች የተጻፈው ግን ጥቂት ነው።

ከዚህም ሌላ፣ መኪና በሚሄድበት ዘመን የቀድሞው የእግር መንገድ እየተረሳ መሄዱ አይቀርም። መንገዱ ሲረሳ የመልካው ስም፣ የማረፊያው ዛፍ ስም፣ በየዳገቱ የሚነገረውም ታሪክ አብሮ ይረሳል። ስለዚህ ወደዚህ አገር የሚሄዱ ተማሪዎች ሦስት ነገር እንዲያደርጉ እናሳስባለን። አንደኛ፣ ከመርጡለ ማርያም ግንብ የወደቀ ጠጠር እንኳ ቢሆን ከቦታው እንዳያነሡ፤ ሁለተኛ፣ የመሪውን ድካም በተገቢው ዋጋ እንዲከፍሉና ቃሉን እርሱ እንደ ተናገረው እንዲጽፉ፤ ሦስተኛ፣ በወዲያኛውም ዳር ወርደው የበጌምድርንና የሳይንትን ሰው እንዲጠይቁ። እኛ ያየነው አንዱን ዳር ብቻ ስለ ሆነ ሥራችን ግማሽ ነው።

ጓደኛችን በማስታወሻ ደብተሩ «የጎጃም ወሰን» ብሎ የጻፈውን አልሰረዘውም፤ እውነት ነውና። ከሥሩ ግን «መሻገሪያም ነው» ብሎ ጨመረበት።