የተማሪው የአገልግሎት ዓመት

በየመሥሪያ ቤቶቻችን ዛሬ ኢንተርንሺፕ እየተባለ የሚካሄደው የተማሪዎች የሥራ ልምምድ ለብዙዎቻችን የቅርብ ጊዜ ነገር መስሎ ይታየናል። ይሁን እንጂ የከፍተኛ ትምህርት ተማሪን ከመመረቁ አስቀድሞ ወደ ሕዝብ ልኮ ማሠራት በአገራችን ከስድሳ ዓመት በላይ ያስቈጠረ ልማድ ነው። ይህን ታሪክ መመርመር የሚያስፈልገውም ለመታሰቢያ ብቻ ሳይሆን፣ ተማሪዎችን በየዓመቱ ለምንቀበል ባለሙያዎች የሚያስተምረን ቁም ነገር ስላለው ነው።

በመጀመሪያ የሚጠቀሰው ጎንደር ነው። በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና አጠባበቅ ኮሌጅ ሥራውን ጀመረ። ኮሌጁ የጤና መኰንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጥበቃ ባለሙያዎችን በአንድነት ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹም በቡድን ሆነው በጤና ጣቢያና በገጠር እየሠሩ ይማሩ ስለ ነበር፣ ሕዝቡን ማገልገል የትምህርቱ ክፍል እንጂ ተጨማሪ ጌጥ አልነበረም።

ከዚህ የሰፋው ሙከራ በ1957 ዓ.ም. የተጀመረው የኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ነው። በ1953 ዓ.ም. የተመሠረተው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪው ከመጨረሻው የትምህርት ዓመት በፊት አንድ ዓመት ሙሉ ወጥቶ እንዲያገለግል ወሰነ፤ ይህን ግዴታ ያልፈጸመም ዲግሪ አይሰጠውም ነበር። በዚያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ችግር የመምህር እጦት ነበር። ክፍተቱ የሚሸፈነው በአመዛኙ ከሕንድና ከሌሎች አገሮች በመጡ መምህራን፣ ከ1955 ዓ.ም. ጀምሮም በአሜሪካ የሰላም ጓድ አባላት ነበር። ስለዚህ ከተማሪዎቹ የሚበዙት በየጠቅላይ ግዛቱ በመምህርነት ተመደቡ፤ ጥቂቶች ግን በየሙያቸው በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሠሩ። ለመተዳደሪያ የሚሆን መጠነኛ አበልም ይከፈላቸው ነበር።

የአገልግሎቱ ዓላማ ሁለት ነበር፤ የመምህራንን እጥረት ማቃለልና በከተማ የተማረውን ወጣት ከአገሩ ሕዝብ ጋር ማስተዋወቅ። ሁለተኛው ዓላማ ከታሰበው በላይ ተሳካ ማለት ይቻላል። ጭሰኛው ከምርቱ ሲሦውን ወይም እኩሌታውን ለባለመሬት ሲያስረክብ ያየ ተማሪ፣ የመሬትን ጥያቄ ከእንግዲህ በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቀው አልሆነም። ተማሪዎች «መሬት ለአራሹ» ብለው በአዲስ አበባ ሰልፍ የወጡት አገልግሎቱ በተጀመረበት በዚያው በ1957 ዓ.ም. የካቲት ነው። በመሆኑም አገልግሎቱ ጥያቄውን ወለደው ማለት አይቻልም፤ ነገር ግን ጥያቄው በየክፍለ ሀገሩ ትምህርት ቤቶች እንዲዛመት መንገድ መክፈቱ አይካድም።

ከአሥር ዓመት በኋላ፣ ታኅሣሥ 12 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዕድገት በኅብረት የዕውቀትና የሥራ ዘመቻ ተጀመረ። ወደ 60,000 የሚጠጉ ተማሪዎችና መምህራን በአገሪቱ ሁሉ ተሰማሩ። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ንብረት ሆኖ ሲታወጅ፣ አዋጁን ለገበሬው ያስረዱትና የገበሬ ማኅበራትን ያደራጁት በብዙ ስፍራ ዘማቾቹ ነበሩ። ግን ፍትሕን ያመጡ ዘንድ የተላኩት ወጣቶች ፍትሑን በራሳቸው መንገድ መተርጐም ሲጀምሩ፣ ከባለመሬቶች፣ ከፖሊስና ከአስተዳዳሪዎች ጋር ተጋጩ። የታሰሩና የሞቱ ነበሩ፤ ጣቢያቸውን ትተው የሄዱም ብዙዎች ናቸው። ዘመቻው በ1968 ዓ.ም. ሲያበቃ ጥሎት ያለፈው ትምህርት ይህ ነው፦ ወጣትን ወደ ግፍ ስፍራ ልኮ ያየውን እንዳይናገር መጠበቅ ከንቱ ነው።

በዘመናችን ደግሞ የበጎ አድራጎት ድርጅቶች ተማሪን የሚቀበሉበት ሁኔታ በሕግ ሲጠብና ሲሰፋ አይተናል። አዋጅ ቁጥር 621/2001 ከገቢያቸው ከአሥር በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኙ ድርጅቶችን ከሰብአዊ መብት ሥራ ከለከለ፤ በዚህም መስክ ሊማር ለሚሻ ተማሪ በሩ ጠበበ። በአዋጅ ቁጥር 1113/2011 ከተተካ ወዲህ ግን ያ ክልከላ ተነሥቷል። የሕግ ተማሪዎችም በየዩኒቨርሲቲው በሚገኙት የነጻ የሕግ ድጋፍ ማዕከላት ጠበቃ መቅጠር ለማይችሉ ሰዎች በመምህራን ተቆጣጣሪነት ያገለግላሉ።

እኛ መሐንዲሶችስ? የምሕንድስና ተማሪ ለልምምድ ሲመጣ ብዙውን ጊዜ የሚላከው ወደ ሥራ ተቋራጭ፣ ወደ አማካሪ ድርጅት ወይም ወደ ፋብሪካ ነው። ይህ ተገቢ ነው፤ ሆኖም አይበቃም። የገጠር የውሃ ጉድጓድ ቆፍሮ የሚያስረክብ ድርጅት ዘንድ የተመደበ ተማሪ፣ የፓምፕን ስሌት ብቻ ሳይሆን ፓምፑ ሲሰበር መለዋወጫውን ማን እንደሚገዛ፣ ውሃ ቀጂዎቹ ሴቶችም የጉድጓዱ ቦታ ሲመረጥ ተጠይቀው እንደ ሆነ ለመመርመር ይገደዳል። ይህን በመማሪያ ክፍል ማግኘት ያዳግታል።

ካለፈው ታሪክ የምንወስደው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ እንደ ጎንደር ተማሪዎች፣ ልምምድ ላይ ያለው ወጣት ወረቀት ከማመላለስ ይልቅ እውነተኛ ሥራና ኃላፊ ሊኖረው ይገባል። ሁለተኛ፣ እንደ ዩኒቨርሲቲው አገልግሎት፣ መተዳደሪያ አበል ሊቈረጥለት ያስፈልጋል፤ ያለ አበል የሚሰጥ ልምምድ ቤተ ሰቡ ሊደጉመው ለሚችል ተማሪ ብቻ የተከፈተ ነውና። ሦስተኛ፣ ዘመቻው እንዳስተማረን፣ ተማሪው አይቶ የጻፈውን ዘገባ አንብቦ መልስ የሚሰጥ ሰው መኖር አለበት።

እንግዲህ የማኅበራችን አባላት በያሉበት ከሚቀበሏቸው ተማሪዎች ጥቂቶቹን እንኳ ለትርፍ ካልቆሙ ድርጅቶች ጋር እንዲሠሩ ቢያደርጉና በሙያቸው ቢቆጣጠሯቸው፣ ወጪው አነስተኛ፣ ጥቅሙ ግን የረጅም ዘመን ይሆናል።