ስሚዝ የተባሉ ሰዎች

በእንግሊዝ አገር ከሁሉ የበዛው የቤተሰብ ስም «ስሚዝ» ሲሆን፣ ትርጉሙም አንጥረኛ፣ ብረት ቀጥቃጭ ማለት ነው። በእኛ ዘንድ ልጅ የአባቱን ስም አስከትሎ ይጠራል እንጂ ከቅድመ አያት የሚወርድ የቤተሰብ ስም ስላልተለመደ፣ ነገሩ እንግዳ ይመስላል። እንግሊዞች ግን በመካከለኛው ዘመን አንዱን ዮሐንስ ከሌላው ለመለየት በሥራው ይጠሩት ነበርና፣ የወናፍና የመዶሻ ስም ከአባት ወደ ልጅ ሲወርድ ቆይቶ፣ ብረት ነክተው የማያውቁ ሰዎች ሳይቀሩ ያለ እፍረት የሚጠሩበት ሆነ።

በአገራችን «ቀጥቃጭ» ስድብ ነበር። ማረሻውንና ጦሩን የሚሠራው ሰው «ቡዳ» እየተባለ ይገለል ስለነበር፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለሙያን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ እስከ ማስነገር ደርሰዋል።

ስሙን ከተሸከሙት መካከል ኢኮኖሚስቱን አዳም ስሚዝን የማያውቅ የለም። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለእኛ ሙያ የሚቀርበው ፍራንሲስ ፔቲት ስሚዝ ገበሬ ሲሆን፣ በ1836 ለመርከብ ጠመዝማዛ ፕሮፔለር የፈጠራ መብት አገኘ። በሙከራ ላይ ከእንጨት የተሠራው ጠመዝማዛ ተሰብሮ ከፊሉ ቢወድቅ፣ ጀልባይቱ በመዘግየት ፈንታ ፍጥነት ጨመረች፤ ንድፉም በዚሁ ተሻሻለ። የባሕር ውስጥ ኬብል መሐንዲሱ ዊሎቢ ስሚዝም ብርሃን ሲያርፍበት ሴሌኒየም ኤሌክትሪክን ይበልጥ እንደሚያስተላልፍ በ1873 አስታወቀ።

የእውነተኛ ብረት ቀጥቃጭ ልጅ ግን በ1769 በኦክስፎርድሸር የተወለደው ዊልያም ስሚዝ ነው፤ በእርሱም ታሪክ እንግሊዞች ስሙን እንጂ ባለሙያውን ሁልጊዜ እንዳላከበሩ ይታያል። ዊልያም በሶመርሴት የድንጋይ ከሰል ማጓጓዣ ቦይ ሥራ ላይ ቀያሽ ሳለ፣ የመሬት ንብርብሮች በማይለወጥ ቅደም ተከተል እንደተደረደሩ፣ እያንዳንዱም በውስጡ በተቀበሩት ቅሪተ አካላት ተለይቶ እንደሚታወቅ አስተዋለ። ለብዙ ዓመታት አገሩን ዞሮ፣ በ1815 የእንግሊዝንና የዌልስን ታላቅ የሥነ ምድር ካርታ አሳተመ። የለንደን የጂኦሎጂ ማኅበር ባላባቶች ግን ይህን ዝቅተኛ ትውልድ ያለውን ሰው ከመካከላቸው አልቈጠሩትም። በ1819 በዕዳ ምክንያት ታሰረ፤ በተከታዩ ዓመት ደግሞ ማኅበሩ በፕሬዚዳንቱ በግሪኖው አዘጋጅነት ተወዳዳሪ ካርታ አወጣ። ይኸው ማኅበር በ1831 የመጀመሪያውን የዎላስተን ሜዳልያ ለዊልያም ስሚዝ ሰጠ። ሁለቱ ካርታዎች በማኅበሩ ሕንፃ መግቢያ ጎን ለጎን ተሰቅለዋል።