የጓሮዋ ቢራቢሮና የአገር መዝገብ

የአገር ታሪክ ሲነሣ ብዙዎቻችን የነገሥታቱን ዘመን እንቆጥራለን፤ ነገር ግን የአገር ዕፀዋትና ነፍሳትም የራሳቸው መዝገብ ያስፈልጋቸዋል። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1770 እስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ ግሽ ዓባይ ሲደርስ፣ አብሮት የነበረው ኢጣሊያዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ የአገራችንን ዕፀዋት በቀለም ይሥል ነበር። ከ1925 እስከ 1934 ደግሞ የእንግሊዝ ቆንስል ሆኖ በዳንግላ የተቀመጠው ሮበርት ቺዝማን የአካባቢውን ወፎች እየሰበሰበ መዝግቧል።

ለዚህ ሥራ ሩቅ መሄድ አያሻም። በቡሬም ሆነ በፍኖተ ሰላም በጓሮው ሎሚ ወይም ትርንጎ የተከለ ሰው፣ ብጫ ነጠብጣብ ያለባትን ትልቅ ጥቁር ቢራቢሮ ይመልከት። ዕንቁላሏን በለጋ ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ትሉ በመጀመሪያ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ኋላም እንደ ቅጠሉ ይለመልማል፤ የነኩት እንደ ሆነ ከራሱ በስተኋላ ቀንድ መሰል ነገር አውጥቶ ይሸታል።

ይህችን ቢራቢሮ ፎቶግራፍ ለማንሣት ማለዳ ይመረጣል፤ ብርዱ ሳይለቃት ክንፏን ዘርግታ ፀሐይ ስትሞቅ ቀረብ ይሏታል። ይሁን እንጂ ቀኑና ቦታው ያልተጻፈበት ፎቶግራፍ ዓይንን ያስደስታል እንጂ ለምስክርነት አይበቃም። አንድ መምህር በሰኔ፣ በመስከረም፣ በጥርና በሚያዝያ እያነሣ ቀኑን ቢጽፍ፣ ዝናብ በዘገየበት ዓመት ቢራቢሮዋም መዘግየት አለመዘግየቷን የልጅ ልጆቹ ከመዝገቡ ያነብባሉ።

እንግዶቹ ያዩትን ጽፈው ሄደዋል። ክረምትና በጋውን ከጓሮው ሳይለይ የሚያየው ባለአገር ዝም ካለ፣ የምድራችን ታሪክ በእንግዳ ዓይን ብቻ ተጽፎ ይቀራል።