ማስተማር ከየት መጣ? ከጎና እስከ ሰቆጣ

ከሰቆጣ ከተማ ብዙ ሳይርቅ ውቅሮ መስቀለ ክርስቶስ አለ፤ ከዐለት ተፈልፍሎ የወጣ ቤተ ክርስቲያን ነው። ሰው ስለ ጥንታዊነቱ ያወራል። አሠራሩ ግን ሌላ ነገር ይናገራል። በግንብ ሥራ የተበላሸ ድንጋይ ተነሥቶ ሌላ ይተካል፤ በፍልፍል ሥራ አንዴ የተቆረጠ አይመለስም። ዓምድ ሊቀር በሚገባው ቦታ መሮው ካለፈ ዓምዱ የለም። እዚህ ላይ «እያየህ ትለምደዋለህ» አይሠራም፤ ጀማሪውን «እዚህ ጋ አቁም» የሚል ሰው ያስፈልጋል።

የማስተማር መነሻም እዚሁ አካባቢ ነው። የቺምፓንዚ ግልገል ጠንካራ ፍሬ በድንጋይ መስበርን እናቱን ለዓመታት እያየ ይለምዳል፤ እናት ሆን ብላ የምታግዘው ከስንት አንዴ ነው። ሚርካት የተባለው ትንሽ የደቡብ አፍሪካ እንስሳ ግን ለግልገሎቹ ጊንጥ የሚያቀርበው መናደፊያውን ነቅሎ ነው። ጊንጥ በሙከራ አይለመድማ!

በአፋር፣ ጎና ላይ ከ2.6 ሚሊዮን ዓመት በፊት ድንጋይ ይጠረብ ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህንኑ ጠረባ ለዘመናችን ሰዎች ሰጥቶ ሲፈትን፣ በቃል እየተነገራቸው የተማሩት ዝም ብለው ካዩት በልጠው ተገኙ።

ማስተማር ግን ወጪ አለው፤ የሚያስተምር ሰው በዚያ ሰዓት አያርስም። ዋግ ይህን ወጪ ስትሸፍን የኖረችው በየደጁ ነው፤ የቆሎ ተማሪው «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል ገበሬው ከጓዳው ቆርሶ ይሰጣል። ድርቅ ሲመጣ መጀመሪያ የሚነጥፈው ይህ ነው። በጦርነቱ ጊዜም ከአበርገሌና ከጻግብጂ ወደ ሰቆጣ የተፈናቀሉት ልጆች ከቤታቸው ጋር መምህራቸውንም አጥተዋል።