ሲስተም ኢሜጅ
«ባክአፕ አለኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ ፋይሉ ፍላሽ ላይ ተገልብጧል ማለት ነው። ሲስተም ኢሜጅ ግን ዊንዶውሱን፣ ፕሮግራሞቹንና ሴቲንጉን ከነፋይሉ የሚይዝ የዲስኩ ሙሉ ቅጂ ነው። እንጅባራ ወይም ዳንግላ ባለ አንድ ጽሕፈት ቤት መብራት ሄድ መጣ ሲል ቆይቶ ሃርድ ዲስኩ እምቢ ቢል፣ ደብዳቤው ከፍላሽ ይገኛል፤ የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝ፣ የሂሳብ ፕሮግራሙ ፒችትሪና የፕሪንተሩ ድራይቨር ግን እንደ አዲስ ይጫናሉ። እስከዚያ ባለጉዳዩ ይጉላላል፤ እኔን የሚቆጨኝ ይህ ነው። ኢሜጅ ካለ ኮምፒውተሩ በማስነሻ ፍላሽ ይከፈትና ሁሉም ቅጂው በተወሰደበት ቀን እንደነበረው ይመለሳል። ከዚያ ወዲህ የተሠራው አይመለስም፤ በሚመለስበት ዲስክ ላይ ያለውም ይሰረዛል። ስለዚህ ኢሜጁን በውጫዊ ሃርድ ዲስክ ያስቀምጡ፤ ማስነሻ ፍላሹንም ኮምፒውተሩ ደህና ሳለ ያዘጋጁ።