ከጓንግዡ ወደ ዪዉ፦ ርቀቱ ስንት ነው? በረራውስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?

በአረብ አገር ሠርተው ባጠራቀሙት ገንዘብ ዕቃ ለማምጣት ወደ ቻይና የሚሄዱ ወገኖቻችን ሁለት ከተሞችን ደጋግመው ያነሳሉ፦ ጓንግዡና ዪዉ። ጓንግዡ ከአዲስ አበባም ከዱባይም ቀጥታ በረራ አላት። ዪዉ ደግሞ ትልቁ የጅምላ ገበያ ያለባት ከተማ ናት። ነገር ግን ሁለቱ ጎረቤት አይደሉም። ጓንግዡ በደቡብ ጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር፣ ዪዉ በምሥራቅ ዠጂያንግ ክፍለ ሀገር ነው የሚገኙት።

ርቀቱ
በአየር 940 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከዱባይ እስከ ሪያድ ካለው ርቀት ትንሽ ይበልጣል። ባቡሩ ዞሮ ስለሚሄድ መንገዱ ከዚህ በጣም ይረዝማል።

በአውሮፕላን
ቀጥታ በረራው 2 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ነገር ግን ከሆቴል እስከ ሆቴል ቁጠሩት፦ ወደ ኤርፖርት 1 ሰዓት፣ ቀድሞ ለመድረስ 2 ሰዓት፣ በረራው 2 ሰዓት፣ ሻንጣ ተቀብሎ ከተማ ለመግባት 1 ሰዓት። በድምሩ 6 ሰዓት ገደማ ነው። ቀጥታ በረራ ካጣችሁ ወደ ሃንግዡ በርራችሁ፣ ከሃንግዡ ምሥራቅ ጣቢያ በፈጣን ባቡር ዪዉ ከ1 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ትደርሳላችሁ።

በፈጣን ባቡር
ባቡሩ ላይ ብቻ ከ6 እስከ 7 ሰዓት ያዙ። ልብ በሉ፦ የጓንግዡ ኤርፖርት ከከተማው በሰሜን፣ ደቡብ ባቡር ጣቢያው ደግሞ በሌላኛው ጫፍ ነው። በሜትሮ ከ1 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ትኬት የሚቆረጠው በፓስፖርት ስለሆነ ስማችሁ በፓስፖርቱ ላይ እንዳለው መጻፉን አረጋግጡ።

ገንዘብ የሚያስወጡ ነገሮች
• ሻንጣ፦ ከአገር ስትወጡ 2 ሻንጣ ተፈቅዶላችሁ ሊሆን ይችላል። በቻይና የአገር ውስጥ በረራ ግን ብዙ ጊዜ የሚፈቀደው 20 ኪሎ ነው፤ ለትርፉ ትከፍላላችሁ። የባቡሩም ደንብ ለአዋቂ 20 ኪሎ ነው።
• ፓወር ባንክ፦ ከጁን 28 ቀን 2025 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የቻይና 3ሲ ምልክት የሌለው ፓወር ባንክ በአገር ውስጥ በረራ አይፈቀድም። ፍተሻ ላይ ያስቀሯችኋል።
• የተለያየ ትኬት፦ ሁለቱን በረራዎች ለየብቻ ከቆረጣችሁ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ ኪሳራው የእናንተ ነው። ኢሚግሬሽን አልፋችሁ፣ ሻንጣ ተቀብላችሁ እንደገና ስለምታስገቡ በመሃል ቢያንስ 5 ሰዓት ተዉ።
• ሰዓት፦ ትኬት ላይ 08:30 ማለት በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 2፡30 ነው፤ 20:30 ደግሞ ከምሽቱ 2፡30። መላው ቻይና አንድ ሰዓት ነው የሚጠቀመው፤ ከአዲስ አበባና ከሪያድ በ5 ሰዓት፣ ከዱባይ በ4 ሰዓት ይቀድማል።
• በዓል፦ የቻይና አዲስ ዓመት በጃንዋሪ 21 እና በፌብሩዋሪ 20 መካከል ይውላል። በዚያ ሰሞን ገበያው ይዘጋል፣ ትኬትም ይጠፋል። በ2027 ፌብሩዋሪ 6 ላይ ነው።

የትኛው ይሻላል?
ሁለቱንም ከተማ የምታዩ ከሆነ በጓንግዡ ግቡና በአውሮፕላን ተሻገሩ። የምትፈልጉት ዕቃ ዪዉ ብቻ ካለ ግን ጓንግዡ መግባት ትርፍ ወጪ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ሻንጋይ ቀጥታ በረራ አለ፤ ከሻንጋይ ሆንግቻው ጣቢያ ዪዉ በፈጣን ባቡር 2 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ትኬት ከመቁረጣችሁ በፊት የምትገዙት ዕቃ የት ከተማ እንደሚገኝ አጣሩ።