ላኪው ያልታወቀው ካርቶን

እ.ኤ.አ. በሜይ 1994 ሳን ፍራንሲስኮ በሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ የትምባሆን ጉዳት ሲያጠኑ ለኖሩት ፕሮፌሰር ስታንተን ግላንዝ አንድ ካርቶን ደረሳቸው። የላኪው እውነተኛ ስም አልተጻፈበትም። ውስጡ ብራውን ኤንድ ዊሊያምሰን ከተባለው የሲጋራ ኩባንያ የወጡ 4,000 ገጽ ያህል ምስጢራዊ ሰነዶች ነበሩ።

ከአንድ ወር በፊት የሰባት ትምባሆ ኩባንያዎች አለቆች በአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ምለው፣ ኒኮቲን ሱስ ያስይዛል ብለው እንደማያምኑ ተናግረዋል። ሰነዶቹ ግን የኩባንያው የገዛ ጠበቃ በ1963 ኒኮቲን ሱስ አስያዥ መሆኑን በጽሑፍ ማስፈሩን አጋለጡ። ሕዝብን ለሠላሳ ዓመት ማታለል ከባድ በደል ነው።

ሰነዶቹ በዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ተቀመጡ። ኩባንያው ይመለሱልኝ አለ፤ አንባቢዎችን የሚከታተሉ መርማሪዎችን ላከ፤ በመጨረሻም ከሰሰ። የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኞች አልተበገሩም። በዚህ ታሪክ ውስጥ የእነሱ ድርሻ ከተመራማሪዎቹ አያንስም፤ ሲወሳ የሚሰማው ግን ጥቂት ነው።

በጁን 1995 የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የኩባንያውን አቤቱታ ሳይቀበል ቀረ። ቤተ መጻሕፍቱም ወዲያው ሰነዶቹን በኢንተርኔት ለቀቀ። በዚያው ዓመት ጁላይ ግላንዝና ባልደረቦቻቸው ግኝታቸውን በአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት አሳተሙ።

ከዚያ ካርቶን የጀመረው ስብስብ ዛሬ ከ14 ሚሊዮን በላይ ሰነዶች አሉት፤ ማንም ሰው ያለ ክፍያ ሊያነባቸው ይችላል።